ሥልጠናው ለእኛ፣ ማህተሙ ለሌላ



አንዲት የቀድሞ ደረሳዬ ቤተሰቧን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ዲንሾ በመጣች ጊዜ ከእናቷ ጋር ሆና እቤታችን ጎራ ብላ ነበር። ይህች ልጅ ቁርኣንን በመድረሳችን ያኸተመች፣ በዘመናዊው ትምህርትም ገፍታ በሂሳብ አያያዝ የተመረቀች፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ናት። እናቷ ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም፤ ከላስቲክ ውስጥ አራት የምስክር ወረቀቶች አውጥታ ምንጣፉ ላይ ደረደረቻቸው። ጠርዛቸው ወርቃማ ነው። አንዱ ስለ አመራር ክህሎት፣ አንዱ ስለ ለውጥ አመራር፣ አንዱ ለሴት ሠራተኞች፣ አራተኛው ደግሞ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች ተወላጆች የተሰጠ የአመራር ብቃት ማጎልበቻ ነው።

«ማሻአላህ! እንግዲህ የየትኛው ክፍል ኃላፊ ሆንሽ?» አልኳት።

ልጅቱ ሳቅ አለችና፣ «ኡስታዝ፣ እኔ የሥልጠና ኃላፊ ነኝ። ሰልጣኝ ላኩ የሚል ደብዳቤ በመጣ ቁጥር የምላከው እኔ ነኝ» አለችኝ።

እናቷም ሳቀች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ነገሩን በዝርዝር ስጠይቃት፣ የክፍሉ ኃላፊ በለቀቀ ቁጥር ሁለት ጊዜ ተጠባባቂ ተብላ ሥራውን ይዛለች፤ አንደኛው ሰባት ወር የፈጀ ነበር። በእነዚያ ሰባት ወራት በስሟ ቲተር አልተቀረጸላትም። ክፍያ የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ነው። በኃላፊዎች ስብሰባ ላይም ቃለ ጉባኤ ትይዛለች እንጂ ሐሳብ አትጠየቅም። በመጨረሻ ቦታው ሲሞላ የተሾመው ሰው አንድም ቀን እንዲህ ያለ ሥልጠና ደጃፍ ያልረገጠ ነው። ምን ሊያደርግለት! እርሷ ግን በዓመቱ ሪፖርት ላይ ሦስት ጊዜ ትቆጠራለች፦ በሴትነቷ አንድ፣ በብሔረሰብ ተዋጽኦ ሁለት፣ በሠለጠነ የሰው ኃይል ሦስት። ሱብሃነላህ! አንዲት ልጅ ሦስት ቁጥር ሆና ወንበር ግን አንድም የላትም።

ሥልጠናን የምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። እኔ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በላይ ያልዘለቅሁ፣ የተረፈውን ከኪታብና ከመሻይኾች እግር ሥር የለቃቀምሁ ሰው ነኝ፤ የሚያስተምረኝ ከተገኘ እስከ ሮቤም ሆነ እስከ ጎባ በእግሬ እሄዳለሁ። የምቃወመው ሥልጠና በሹመት ምትክ ሲሰጥ ነው። ሰውየው ወንበሩን ይጠይቃል፤ የሚሰጠው ስለ ወንበር አቀማመጥ የሦስት ቀን ትምህርት ነው። አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ሆቴል ውስጥ ይሰበሰባል፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይታደላል፤ ሻይ ይጠጣል፤ አበል ይፈረማል። በአራተኛው ቀን ሁሉም ወደነበረበት ጠረጴዛ ይመለሳል። (አበሉን እኛም ወደነዋል፤ ይህንንም ደብቄ አላልፍም። ጥያቄውን ከአፋችን ያስረሳን አንዱ እርሱ ነው።)

በዚህ ሁሉ መካከል የምትመላለስ አንዲት ቃል አለች፦ አቅም። አቅም ግንባታ፣ የአቅም ክፍተት፣ አቅም ማጎልበት። ቃሏ የዋህ ትመስላለች፤ ነገር ግን ፍርድ አዝላ ነው የምትመጣው። ይህ ወገን ከአመራር ቦታ የጠፋው አቅም ስለሌለው ነው፣ ስለዚህ አቅም እንስጠው ትላለች። አቅሙን ማን ለካው? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሂሳቡን የዘጋችው ማን ሆነችና ነው? ሰባት ወር ክፍሉን ያለ ማህተም ያንቀሳቀሰች ሴት ማህተም ቢሰጣት ምን ይጎድላት ነበር? ጉድለቱ ከበሩ ላይ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ የሚሰጠው ለሚያንኳኳው ሰው ነው።

ነገሩ ለእኛ ለባሌዎች አዲስ አይደለም። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. አባቶቻችን በዋቆ ጉቱና በሌሎችም መሪነት መሣሪያ ያነሡት በመሬታቸው፣ በግብሩ ክብደትና ከላይ በሚላኩባቸው ሹማምንት በደል ተማርረው ነበር። የባሌ ገበሬ በዚያ ዘመን ግብር ለመክፈል አቅም አለው የተባለ፣ ለማስተዳደር ግን ያልታሰበ ሰው ነበር። ሃይማኖቱና ብሔረሰቡ በአንድነት ከደጅ አስቀርተውታል፤ የትኛው የበለጠ እንዳስቀረው ለመለየት የሚሞክር ሰው ካለ በከንቱ ይደክማል።

ከዚያም ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. መጣ። በዚያን ቀን በአዲስ አበባ አደባባይ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ፣ ከሙስሊሞች ጎን የቆሙ ክርስቲያን ወንድሞችና እህቶችም ጭምር፣ ሰልፍ ወጣ። አሥራ ሦስት ጥያቄዎች ቀረቡ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባል ቀርቶ «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል፣ በዓሎቻችን የሀገር በዓል ይሁኑ የሚሉት ሁላችሁም የምታስታውሷቸው ናቸው። ከእነርሱ ጋር ግን በዳኝነት፣ በዲፕሎማሲ፣ በሲቪል አስተዳደርና በጦር ኃይል ሙስሊሞች ይሾሙ የሚል ጥያቄም ነበረ። ልብ በሉ፤ እነዚያ አባቶችና እናቶች «አሠልጥኑን» አላሉም። «ሹሙን» ነው ያሉት። የበዓሉ ጥያቄ ብዙም ሳይቆይ መልስ አገኘ፤ በዓል በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚጻፍ ስለሆነ ዐዋጅ ይበቃዋል። የሹመቱ ጥያቄ ግን በየቢሮው፣ በየክፍሉ፣ በየቅጥር ኮሚቴው የሚመለስ ነውና እስከ ዛሬ በየቦታው እየተንጠባጠበ ነው የሚመለሰው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 39 ብሔር ብሔረሰቦች በክልልና በፌዴራል አስተዳደር ውስጥ ሚዛናዊ ውክልና እንዲኖራቸው ይደነግጋል። በ1999 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም እኩል ወይም ተቀራራቢ ነጥብ ካመጡ ተወዳዳሪዎች መካከል ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተዋጽኦአቸው አነስተኛ ለሆነ ብሔረሰቦች አባላት ቅድሚያ እንዲሰጥ አዝዞ ነበር። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ነጥቡን የሚሰጠው ማን ነው? በወረቀት ፈተና የሚሰጠው ነጥብ አለ፤ በቃለ መጠይቅና «በአመራር ብቃት» ስም በሰዎች ልብ ውስጥ የሚሰጥ ነጥብም አለ። ሁለተኛው ነጥብ እንዳሰኘው የሚሳብ ላስቲክ ነው።

እስቲ ከሀገራችን ወጣ ብለን እንግሊዞችን እንያቸው፤ ይህን የሥልጠና ፈሊጥ ከእኛ ቀድመው ሞክረውታልና። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ውስጥ ከጥቁርና ከእስያ ዝርያ የሆኑ ሐኪሞችና ነርሶች ብዙ ናቸው። በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የአገልግሎቱ የበላይ ኃላፊ የነበሩት ናይጀል ክሪስፕ የዘር እኩልነት ዕቅድ አወጡ፤ ሥልጠናም፣ ትልልቅ ኃላፊዎች ታናናሾቹን ይዘው የሚመክሩበት አሠራርም በውስጡ ነበረ። አሥር ዓመት አለፈ። በ2014 ሮጀር ክላይን የሚባል ተመራማሪ የለንደንን ሆስፒታሎች መረመረ። ከሠራተኛው 41 በመቶ የሚሆነው ከእነዚህ ወገኖች ነው፤ በቦርዶቹ ላይ ግን 8 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2006 እኮ 9.6 በመቶ ነበሩ! የቦርድ ሰብሳቢዎችና ዋና ሥራ አስኪያጆች ከ5.3 ወደ 2.5 በመቶ ወርደዋል። አሥር ዓመት ሠልጥነው ቁልቁል ወረዱ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ እንግሊዞቹ አንድ ነገር ገባቸው። ከ2015 ጀምሮ እያንዳንዱ ሆስፒታል ከነጩና ነጭ ካልሆነው ለውድድር ከቀረቡት ስንቱ እንደተቀጠረ፣ ቦርዱ ላይ ማን እንደተቀመጠ እየቆጠረ በይፋ እንዲያሳውቅ አስገደዱ። ያመልካቹን አቅም መለካታቸውን ሳይተዉ የሆስፒታሉን አቅም መለካት ጀመሩ። ነገሩ ሁሉ ተስተካከለላቸው አልልም፤ ቢያንስ ሚዛኑን የት ማስቀመጥ እንዳለባቸው አውቀዋል።

እኛ ግን ይህን ለማወቅ ለንደን ድረስ መሄድ አያስፈልገንም ነበር፤ ሲራችን ውስጥ አለና። ባሌ የፈረስ አገር ነው። እዚህ ዲንሾ ጋይሳይ ሜዳ ላይ ልጅ ፈረስ የሚለምደው እንዴት ነው? አባቱ ስለ ፈረስ የሦስት ቀን ስብሰባ ይጠራለታልን? ኮርቻው ላይ ያወጣዋል፤ ልጓሙን ያስይዘዋል፤ ራሱ ከጎኑ በእግሩ ይሮጣል። ልጁ ይወድቃል፤ ይነሣል፤ እንደገና ይወጣል።

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ኡሳማ ኢብን ዘይድን (ረ.ዐ.) የጦር አዛዥ አድርገው ሲሾሙት ዕድሜው ሃያ አልሞላም። አባቱ ዘይድ ከባርነት ነፃ የወጣ ሰው ነው። እናቱ ኡሙ አይመን ሐበሻ ናት። በሥሩ የተመደቡት የቁረይሽ ታላላቆች ናቸው፤ ዑመርም (ረ.ዐ.) ከእነርሱ አንዱ ነበሩ። ሰዎች አጉረመረሙ። ነብዩ ግን ሕመማቸው በበረታበት ሰዓት ወጥተው፣ ቀድሞ በአባቱም ሹመት አጉረምርማችሁ ነበር፣ አባቱም ለሹመት የተገባ ነበር፣ ልጁም እንዲሁ ነው ሲሉ አስረዱ። ይህ ብቻ አይደለም። ኡሳማ ከዚያ በፊት በአንድ ዘመቻ ላይ ከባድ ስሕተት ሠርቷል፤ ሸሃዳን የተናገረ ሰው ከፍርሃት ነው ያለው ብሎ ገድሎ፣ ነብዩ ደጋግመው እጅግ በርትተው ገሥጸውታል፤ እርሱም ምነው ዛሬ በሰለምሁ እስኪል ድረስ ተጸጽቷል። ያ ስሕተት ግን የዕድሜ ልክ መዝገብ ሆኖ በሩን አልዘጋበትም። ዛሬ ከታናናሾቹ ወገኖች አንዱ ሲሳሳት «አላልናችሁም!» ይባላል፤ ስሕተቱ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብሔረሰቡ ሁሉ ይሆናል። ከትልልቆቹ አንዱ ሲሳሳት ግን ሰው ይሳሳታል ይባላል።

ነብዩ ካለፉ በኋላ አቡ በክር (ረ.ዐ.) ያንን ጦር ሲሸኙ ኡሳማ ተቀምጦ፣ ኸሊፋው በእግራቸው ከጎኑ ሄዱ። ልውረድ ቢላቸው እንቢ አሉ። ዑመር መዲና እንዲቀሩላቸው በፈለጉ ጊዜም ያንን ወጣት ፈቃዱን ጠየቁት። ኸሊፋው ማዘዝ አይችሉም ነበርን? ይችሉ ነበር። ነገር ግን ሹመቱን ከሰጡት ሥልጣኑም የእርሱ ነው። ቲተሩን ሰጥቶ እጁን መያዝ የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «ሹመት መጠየቅ በዲናችን የተነቀፈ አይደለምን?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነብዩ ሹመትን በራሳቸው ለሚፈልጉ ሰዎች አልሰጡም፤ አቡ ዘርንም (ረ.ዐ.) አማና መሆኑንና በቂያማ ቀን ጸጸት እንደሚያስከትል ነግረው በርኅራኄ ከልክለዋቸዋል። ይሁን እንጂ ነብዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በግብፅ ምድር የእህል ግምጃ ቤቱን በእኔ ላይ አድርጉ ብለው ጠይቀዋል፤ ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውንም ምክንያት አድርገው አቅርበዋል። ረኀብ እየመጣ ነበራ! የሚችል ሰው ቁጭ ብሎ የማይችል ሰው ጎተራውን ቢይዝ ሕዝብ ያልቃል። ዑመርም በመካ ላይ የሾሙት ናፊዕ በቦታው የተካው ሰው ከባርነት ነፃ የወጣው ኢብን አብዛ መሆኑን ሲሰሙ ተገርመው ጠየቁ። የአላህን መጽሐፍ የሚያነብ፣ የውርስን ሕግ የሚያውቅ ነው ተባሉ፤ ተቀበሉ። ጥያቄው ምን ያውቃል የሚል ነበር፤ መልሱ ከተገኘ በኋላ ሌላ ነገር አልተጠየቀም።

እንግዲህ ለመሥሪያ ቤቶቹ ይህን ካልኩ ፊቴን ወደ እኛ ቤት ላዙር፤ አለዚያ ፍትሕ አይሆንም።

ወላጆች ሆይ! ወንበር ተነፈግን ስትሉ፣ ለወንበሩ የሚቀርብ ልጅ ከየቤታችሁ ስንት አወጣችሁ? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ቢሮ እዚሁ ዲንሾ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በመስከረም 2016 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ቀይ ቀበሮው የት እንደሚያርፍ፣ የደጋ አጋዘኑ በየትኛው ወቅት ወደ ጋይሳይ እንደሚወርድ የእኛ እረኛ ልጅ ያውቀዋል። ልጃችን ግን ፈረስ አከራይቶ፣ እንግዳ መርቶ፣ በጥበቃነት ተቀጥሮ ሲገባ «አልሐምዱሊላህ፣ ሥራ አገኘ» ብለን እንቀመጣለን። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሮቤ ላይ ከተከፈተ ከ1999 ጀምሮ ስንት ዓመቱ ነው? የዱር እንስሳትን ሳይንስ አጥንቶ ያንን ሁሉ ተራራ ልምራ የሚል ልጅ አሳድገናል? ሴት ልጃችንን ስምንተኛ ክፍል ላይ አስቁመን፣ ወንዱን ለዐረብ አገር ጉዞ ገንዘብ ተበድረን ልከን፣ ከዚያ በኋላ ተዋጽኦ አነሰ ብንል ማን ይሰማናል?

የሕንድ ሙስሊሞች በዚህ ነገር ከእኛ ቀድመዋል። በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሳቻር የሚባሉት ዳኛ የመሩት ኮሚቴ ሪፖርት አወጣ፤ ሙስሊሞች ከሕዝቡ 13.4 በመቶ ሆነው ሳለ በከፍተኛው የሀገር አስተዳደር አገልግሎት ውስጥ 3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። እነርሱም ጮኹ፤ ግን ጮኸው አልተቀመጡም። የዘካ ፋውንዴሽን የሚባለውን የመሰሉ ድርጅቶች ጎበዝ ወጣቶችን እየሰበሰቡ ለዚያ ለከባዱ የመንግሥት ፈተና ያዘጋጁ ጀመር። ልዩነቱን አያችሁ? ይህ ሥልጠና መጨረሻው የምስክር ወረቀት አይደለም። መጨረሻው ፈተና ነው፤ ያለፈ ሰው ወንበሩን ያገኛል። በር ያለው ሥልጠና ማለት ይህ ነው። ዘካ ለዚህ ይውላል አይውልም በሚለው ዑለሞች ይነጋገሩበት፤ ሰደቃ ግን ማንም አልከለከለንም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሴ እመጣለሁ። ደረሳዬ ወጥታ ከሄደች በኋላ ያስጨነቀኝ የእርሷ መሥሪያ ቤት ብቻ አልነበረም። በመድረሳችን አንድ ወጣት ረዳት ኡስታዝ አለኝ። ልባም ነው፤ ሂሳብ ያውቃል፤ ልጆቹ ይወዱታል። ሁለት ጊዜ ለአስተዳደር ሥልጠና ልኬዋለሁ። የገንዘብ ሳጥኑ ቁልፍ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ኮሚቴው ሲጠይቀኝ የምመልሰው ምን ነበር? «ገና ነው፤ አቅሙ ይዳብር።» ወላሂ፣ ያቺው ቃል! በኮሚቴያችን ውስጥም ወርሃዊውን ክፍያ ከዕንቁላልና ከወተት ሽያጭ አጠራቅመው የሚያመጡት እናቶች ሆነው ሳለ አንዲት እናት እንኳ የለችበትም። ዑመር ሲያልፉ የተሰበሰበው የቁርኣን ጽሑፍ የተቀመጠው በልጃቸው በሐፍሷ (ረ.ዐ.) እጅ ነበር። እኛ የጧፍና የሰሌን ሂሳብ እንኳ ለሴት አላመንንም።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ቁልፉን ሰጠሁት። እውነቱን ልናገር፣ እጄ ተንቀጥቅጧል። በመጀመሪያው ወር 260 ብር ጎደለ። ቁልፉን መልስ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የኡሳማ ነገር ትዝ ሲለኝ ዋጥሁት። ተቀምጠን ስንመረምር ሰሌን ተገዝቶ ደረሰኝ አልተያዘለትም። እርሱም በማግስቱ የደረሰኝ ጥራዝ ገዝቶ መጣና ያለ ደረሰኝ አንድ ሳንቲም እንዳይወጣ ሥርዓት አወጣ፤ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያላወጣሁትን። እናቶችን በተመለከተ ሁለት ስም ለኮሚቴው አቅርቤአለሁ። ሽማግሌዎቹ ገና እየመከሩ ነው፤ አንደኛው «መጀመሪያ ሥልጠና ቢሰጣቸው» ብለዋል።

ደረሳዬ ከቀናት በፊት ደወለችልኝ። አምስተኛ የሥልጠና ደብዳቤ ደርሷታል፤ ቢሾፍቱ፣ አምስት ቀን። «ኡስታዝ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለችኝ። ሂጂ፣ ዕውቀት አይናቅም፤ ከመሄድሽ በፊት ግን ይህን ሥልጠና ስጨርስ የምወዳደርበት የሥራ መደብ የትኛው ነው፣ ውድድሩስ መቼ ነው ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂና ግልባጩን ያዢ አልኳት። ደብዳቤውን በስልክ እያነበበችልኝ አብረን አረምነው፤ «በትሕትና እጠይቃለሁ» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ጽፋው ኖሮ አንዷን አስወጣኋት። ለመዝገብ ቤት አስገብታ ቁጥር ተሰጥቷታል። ይህ ጽሑፍ እስከተጠናቀቀበት ዕለት መልስ አልመጣም፤ ሥልጠናው ሰኞ ይጀመራል።